ሳሌ ውሸት አልነበረም

በሰው ፊት ማሳል ያሳፍረኝ ነበር። ጉንፋን ይዞኝ ቢሆን አልሸማቀቅም፤ ጉንፋን ማንንም ይይዛል፣ ይለቃል። የእኔ ሳል ግን እጣን ሲጨስ፣ ሽንኩርት ሲያር፣ ሽቶ የተቀባ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ፣ በማለዳ ከቤት ስወጣ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ፣ አንዳንዴም ከልቤ ስስቅ ነበር የሚነሳው። አስም እንዳለብኝ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ነገር ግን አስም ለእኔ የአቧራና የአበባ ብናኝ ጉዳይ ነበር። ሰውነት የማይስማማው ነገር ሲገባበት ይቆጣል፣ አለርጂ ይባላል፣ በቃ። ሳቅ ውስጥ ብናኝ የለም። ብርድ ውስጥም የለም። ስለዚህ ሰዎች «ከጭንቀት ነው»፣ «ራስሽን እያሳመምሽ ነው» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ እየዋለ እያደረ እኔም አመንኳቸው።

ሰው ሕመሙን ራሱ ካላመነው መደበቅ ይጀምራል። እኔም ደበቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማዕጠንቱ ጭስ ከማይደርስበት ከዛፉ ሥር እቆም ነበር፤ ለሚጠይቀኝ «ውስጥ ይሞቃል» እላለሁ። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቦታ ካላገኘሁ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ቡና ተፈልቶ እጣኑ ሊጨስ ሲል ደግሞ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ብድግ ብዬ እወጣለሁ። ይህ የመጨረሻው በጣም ይከብደኝ ነበር። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ሲኒ ተደርድሮ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ጥሎ መውጣት በእኛ ዘንድ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ንቀት እንዳልሆነ ላስረዳ አልቻልኩም፤ ምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም ነበርና።

ከሁሉ የባሰው በርበሬ ነው። አያቴ ቤት በርበሬ የሚዘጋጅበት ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠው የደረቀውን ዛላ ይቀነጥሳሉ፤ ፍሬው ውስጡ ይንኮሻኮሻል፣ ቀዩ ብናኝ በጥፍራቸው ሥር ይገባል። ከዚያ ሙቀጫው ይቀርባል። ዘነዘናው ጥቂት እንዳረፈ አንዷ ታስነጥሳለች፣ ሌላዋ ትከተላለች፣ ከዚያ ሁሉም ይያያዙታል። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ያሳላሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይወቅጣሉ። የእኔ ሳል ግን አንዴ ከተነሳ አያባራም። ደረቴ ይጨመደዳል፣ ትንፋሼ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል፣ ሌሊቱንም ትራስ ተደግፌ ተቀምጬ አነጋዋለሁ። አያቴ «በርበሬው ጠላሽ ልጄ፣ ወደ ጓሮ ሂጂልኝ» ትለኝ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ግን አንድ ቀን፣ ክፋት ኖሯት ሳይሆን ግራ ገብቷት፣ «እኛስ እያሳልን አይደል እንዴ? አንቺን ምን ለየሽ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ከውስጤ አልወጣም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በርበሬው ለሁላችንም ያው ነው፤ የሁላችንንም ጉሮሮ ይከረክራል። ታዲያ የእነርሱ ሳል ሙቀጫው ሲነሳ አብሮ ሲያበቃ፣ የእኔ ለምን ደረቴ ውስጥ ያድራል?

መልሱን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከአንዲት የሳንባ ሐኪም ነው። የሚያስሉኝን ነገሮች እንድነግራት ጠየቀችኝ። እያፈርኩ ነገርኳት፤ ሳቅ ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ። እሷ ግን ምንም አልገረማትም። «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ አለርጂ አይደለም፤ ግን አንዱም ውሸት አይደለም» አለችኝ። ከዚያ የማዘዣ ወረቀቷን ገልብጣ የአየር ቧንቧ ሳለች። በቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት መካከል፣ ጫፋቸው ወደ አየሩ የተጠጋ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ጨመረችበት። ከእነዚያ ክሮች አንድ ረዥም መስመር አውጥታ በአንገት በኩል እስከ አንጎል ግንድ አደረሰችው።

መስመሩ ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ብዙዎቻችን ነርቭ ሲባል ትእዛዝ ከአንጎል ወደ ታች የሚያወርድ ብቻ ይመስለናል፤ በቫገስ ውስጥ ካሉት ክሮች የሚበዙት ግን ከሳንባ፣ ከልብና ከሆድ ወሬ ወደ ላይ የሚያደርሱ ናቸው። ወደ ሳንባ የሚሄዱት ስሜት ተቀባይ ክሮች ሥራቸው ጥበቃ ነው፤ ጭስ፣ አሲድ ወይም የሚያቃጥል ነገር ሲመጣ ሳል ቀስቅሰው ማስወጣት። ለዚህ የሚያገለግሏቸው በየጫፋቸው የተተከሉ፣ እንደ ነገሩ ዓይነት የሚከፈቱ የፕሮቲን ቀዳዳዎች አሏቸው። አንደኛው ቲአርፒቪ-1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ለይቶ ያገኘው በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገውን ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ተከትሎ ነው። ይኸው ቀዳዳ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ለሆነ ሙቀትም ይከፈታል፤ ነርቩ እሳቱንና በርበሬውን አይለይም፣ በርበሬ አቃጠለኝ የምንለውም ለዚህ ነው። ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቲአርፒኤ-1 የሚባለው ሌላው ቀዳዳ ደግሞ ሰናፍጭን፣ በጭስ ውስጥ የሚገኘውን አክሮሊንንም የሚያውቅ ነው።

ቀዳዳው ሲከፈት ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው ወሬው ወደ አንጎል ግንድ መውጣቱ ነው። ሳል ይመጣል፤ በመልሱም በቫገስ ወራጅ ክሮች በኩል አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቀቅና የቧንቧው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታም ይመነጫል። ሁለተኛው እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ነው። ያው ነርቭ፣ አንጎልን ሳይጠይቅ፣ እዚያው ጫፉ ላይ ራሱ ኬሚካል ያፈስሳል። ሰብስታንስ ፒ፣ ኒውሮኪኒን ኤ፣ ሲጂአርፒ የሚባሉ ናቸው። እነዚህ የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፣ ፈሳሽ እንዲሾልክ ያደርጋሉ፣ ሽፋኑም ያብጣል። አደጋ እንዳለ የሚናገረው ነርቭ በእብጠቱ ውስጥ ራሱ እጁ አለበት ማለት ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሰብስታንስ ፒን ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋዱም ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ነርቭ እንዲህ ያለውን እብጠት፣ ማለትም ብግነት፣ ማስነሳት እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ሚክሎሽ ያንቾ ደግሞ ሃንጋሪያዊ የመድኃኒት ተመራማሪ ነበር። ይሠራ የነበረው በሴገድ ከተማ ነው፤ ሴገድ በአገሩ በበርበሬው የታወቀ ነው። ይህን ሳነብ የአያቴ ግቢ ታየኝ። ያንቾና ባልደረቦቹ ካፕሳይሲንን የመሳሰሉ የሚያቃጥሉ ነገሮች የእንስሳትን ቆዳና ዓይን የሚያስቆጡት በስሜት ተቀባይ ነርቮች በኩል መሆኑን አረጋገጡ። ነርቩ ተቆርጦ ከሞተ በኋላ ያው የሚያቃጥል ነገር ቢደረግም እብጠቱ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1986 ፒተር ባርንስ የተባሉ የለንደን ሐኪም በአስም ላይም ይህ ዓይነቱ የነርቭ ምላሽ ድርሻ ሊኖረው ይችላል የሚል ሐሳብ በላንሴት መጽሔት አቀረቡ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ጥያቄ እመለሳለሁ። የእኔን ቧንቧ ከእርሷ የለየው በርበሬው ሳይሆን በርበሬው ከመምጣቱ በፊት በውስጡ የነበረው ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሳንባ ውስጥ፣ በአልጋና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ኩስ ወይም የአበባ ብናኝ ሲገባ፣ ማስት ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ይለቃሉ። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ተጠርተው ይመጣሉ። ሽፋኑ ይቆስላል፣ ነርቮቹም ይጋለጣሉ። በብግነቱ ጊዜ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች፣ ፕሮስታግላንዲን፣ ብራዲኪኒን፣ የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን፣ እነዚያን ቀዳዳዎች በቀላሉ እንዲከፈቱ ያደርጓቸዋል። ያኔ ጤነኛውን ነርቭ የማይነካው ትንሽ ነገር ይበቃል። ሌባ ገብቶበት በነበረ ግቢ ውሻው ለባለቤቱ ኮቴም ይጮኻል፤ የእኔም ነርቮች እንዲሁ ነበሩ። ለዚህ ነው ብርዱ፣ ሽቶው፣ በሳቅ ጊዜ በፍጥነት የሚገባው አየር የሚያስለኝ። አለርጂው ብርዱ ላይ አይደለም፤ ብርዱ ያገኘው ቀድሞ የተቆጣ ነርቭ ነው።

ዶክተሯ ይህን ስትነግረኝ አለቀስኩ። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲነገረው ይደነግጣል፤ እኔ ግን አመነችኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የማነብበው ስለሚነካኝ ነው። ሁለት ጥናቶች በተለይ አእምሮዬን ይዘውታል፤ ሁለቱም በአይጥ ላይ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ቲአርፒቪ-1 ያለባቸውን የቫገስ ነርቮች ከአይጦቹ አስወገደ። አይጦቹ በአለርጂ ተቆጥተዋል፤ ሳንባቸው ውስጥ ብግነቱ እንዳለ ነው፤ ቧንቧቸው ግን አስም እንዳለባቸው እንደሌሎቹ አይጦች አልተጨመደደም። እብጠቱና መጨመደዱ የሚለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው፤ ለሁለተኛው ነርቩ ያስፈልጋል።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2015 ከቦስተን የክሊፎርድ ዉልፍ ቤተ ሙከራ የወጣው ነው። እነሴባስቲያን ታልቦ ነርቮቹን ከማስወገድ ይልቅ ለጊዜው ዝም አሰኟቸው። የተጠቀሙበት ኪውኤክስ-314 የተባለ፣ የጥርስ ሐኪም የሚወጋን የሊዶኬይን ዘመድ የሆነ ማደንዘዣ ነው። ጥበባቸው ደስ ይላል፤ ይህ መድኃኒት በራሱ ወደ ነርቭ መግባት አይችልም፣ የሚገባው እነዚያ ቀዳዳዎች ሲከፈቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የተቆጣውን ነርቭ መርጦ ያደነዝዛል። ነርቮቹ ዝም ሲሉ ብግነቱ ራሱ ቀነሰ። ምክንያቱን ሲመረምሩ ዙሪያ ጥምጥም የሆነ ነገር አገኙ። የመከላከያ ሕዋሳት የሚያመነጩት ኢንተርሉኪን-5 ነርቭን ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰው ነርቭ ቪአይፒ የተባለ ሌላ ኬሚካል ይለቃል። ቪአይፒ ደግሞ ተመልሶ የመከላከያ ሕዋሳቱን ያነሳሳል፤ እነርሱም ተጨማሪ ኢንተርሉኪን-5 ያመነጫሉ። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይዞራል። ሙቀጫው ከተነሳ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ለምን እንደማልተኛ ከዚህ የተሻለ ነገር አስረድቶኝ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በአንጎል ግንድ ውስጥ ይህን የመጨመደድ መልስ የሚያስተላልፉ ሕዋሳት በአይጥ ተለይተው ታውቀዋል።

አይጥ ሰው አይደለም። በሰው ላይ ሰብስታንስ ፒ የሚሠራበትን በር የሚዘጉ መድኃኒቶች ተሞክረው እንደታሰበው አልሠሩም። ከነዚሁ ነርቮች የሚወጣው ሲጂአርፒም በአንዳንድ ሁኔታ ብግነቱን እንደሚያበርድ በአይጥ ታይቷል፤ ስለዚህ «ነርቩን ቆርጦ መገላገል» የሚባል ነገር የለም። ነርቩ ባይኖር ትን ያለን ነገር እንኳ ማስወጣት አንችልም።

ወደ ኋላም ሄጄ አነበብኩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይድ ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1860 ስለ አስም መጽሐፍ ጽፏል። ራሱም አስም ነበረበት፤ በሽታውን የነርቭ ሥርዓት በሽታ ብሎ ያምን ነበር። ለሕሙማኑ ወፍራም ቡና ያዝ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ካፌይን የቲዮፊሊን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት በመጠኑ ያላላል። እኔ የምሸሸው የቡና ሥነ ሥርዓት ውስጥ የሚያግዘኝና የሚጎዳኝ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ሲኒው እዚህ፣ የእጣኑ ማጨሻ እዚያ።

ከሁሉ የቆየብኝ ግን የባልቲሞሩ ሐኪም የጆን ኖላንድ ማኬንዚ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 እንደጻፈው፣ ጽጌረዳ የሚያስነጥሳትና አስም የሚያስነሳባት ታማሚ ነበረችው። አንድ ቀን ሰው ሠራሽ ጽጌረዳ ደብቆ ቆየና ወደ ፊቷ አቀረበላት። ሴትየዋ ወዲያው ታስነጥስ ጀመር፤ ድምጿ ተለወጠ፣ ደረቷ ከበዳት። ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ዕለት አዘንኩ። «አየሽ፣ ሁሉም ከአእምሮዋ ነው» የሚሉኝ ሰዎች ድምፅ ተሰማኝ። ግን ማኬንዚ የሴትየዋን አፍንጫ መርምሮ ያየውንም ጽፏል፤ ውስጡ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ተዘግቷል። አስመስሎ አፍንጫን ማሳበጥ የሚችል ሰው የለም። ጽጌረዳው ብናኝ አልነበረውም፤ በአካሏ ላይ የደረሰው ግን በዓይን የሚታይ እውነት ነው። አንጎሏም ነርቯም አካሏ ናቸው። ጭንቀት ሕመሜን አያባብሰውም አልልም፤ ያባብሰዋል። መንገዱ ግን ያው ቫገስ ነው፤ መጨረሻውም ያው የተጨመደደ ቧንቧ ነው። «ከጭንቀት ነው» ማለት «የለም» ማለት ሊሆን አይገባውም።

ከዕውቀቱ ጋር ኑሮዬም ተለወጠ። በፊት ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ሳልቡታሞል ብቻ ነው፤ ሲያፍነኝ ፓፍ አደርጋለሁ፣ ሲለቀኝ እረሳዋለሁ። በየቀኑ የሚሳበውን የስቴሮይድ ፓፍ «ሱስ ያስይዛል» ሲሉ ሰምቼ እፈራው ነበር። ዶክተሯ በሥዕሏ ላይ እየጠቆመች አስረዳችኝ። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል እንጂ ብግነቱን አይነካም። ብግነቱ እስካለ ነርቮቹ እንደተቆጡ ይኖራሉ፣ ትንሹም ነገር ይቀሰቅሳቸዋል። በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ ብግነቱን ሲያበርድ እነርሱም ቀስ በቀስ ይረጋጋሉ። ሱስም አያስይዝም። ጊና የተባለው የዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም እንደማይመከር ግልጽ አድርጓል። በቫገስ በኩል የሚመጣውን የአሴቲልኮሊን ትእዛዝ የሚያግደው ቲዮትሮፒየም ደግሞ በሌላው ሕክምና ለማይሻላቸው ሰዎች ይጨመራል።

ፓፉ በአንድ ቀን ሥራውን አልሠራም። ሳምንታት ፈጀ። መጀመሪያ የተሻለኝ የማለዳው ብርድ ነው፤ ከዚያ ሳቁ። በርበሬ ሲወቀጥ ዛሬም አጠገቡ አልቀመጥም፣ አስፈላጊም አይደለም። ልዩነቱ አሁን ስነሳ ምክንያት አልፈጥርም። «ደረቴን ይይዘኛል፣ ውጭ እሆናለሁ» እላለሁ፤ ሰዎቹም ሲኒዬን ይዘው ይመጡልኛል። እኔ ሳልናገር ማን ሊያውቅልኝ ኖሯል?

በቤታችሁ ጭስና ሽታ የማይችል ሰው ካለ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ ሞልቃቃ አትበሉት፤ የአለርጂ ምርመራው ምንም ባያሳይም እመኑት። ሌሊት የሚያስለው፣ ሲሮጥ ወይም ሲስቅ የሚያፍነው፣ ትንፋሹ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አስም ነው ከተባለና የተሰጠው ሲያፍነው ብቻ የሚወስደው ፓፍ ከሆነ፣ በየቀኑ የሚሳበው የብግነት መድኃኒት ለምን እንዳልታዘዘለት ሐኪሙን ጠይቁ።